ቧንቧው ፍራፍሬ አይወድም፦ ስለ መስታወቱ የፓንች ማሰሮ

ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ያጓጓል። ባለ ቧንቧ የመስታወት ማሰሮ ነው። እስከ አፉ ድረስ ቀይ ፓንች፣ ማለትም ወይንና ጭማቂ ከፍራፍሬ ጋር የተቀላቀለበት መጠጥ፣ ተሞልቶበታል። ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ብርቱካን፣ እንጆሪ፣ የናና ቅጠል፣ ያልገባበት ነገር የለም። ከሥር ብርጭቆ ተደቅኗል፤ ፓንቹ እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፎቶው ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ከሞላችሁት ቧንቧው ገና ሁለት ሦስት ብርጭቆ እንደቀዳ ወይ ፍንክች ይላል።

ይህን ስል ዕቃው አይረባም ማለቴ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር ከቁም ሳጥን አወጣዋለሁ፤ ወደፊትም አወጣዋለሁ። በኛ ቤት ዘመድ ሲሰበሰብ የመጠጡ ነገር ሁሌም የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ምግቡን ሌላው ይከፋፈለዋል፤ "መጠጡን ለሱ ተዉለት" ይባላል። ስለዚህ ማሰሮውን የማውቀው ጠረጴዛ ላይ ተውቦ ሲቀመጥ ብቻ አይደለም። ሲደፈንም፣ ሲያንጠባጥብም፣ ሲታጠብም አውቀዋለሁ። ፍራፍሬውን ከፈሳሹ ለይቶ ለሚያስተናግድ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። አንድ ላይ ደባልቆ ለሚሞላ ሰው ግን ጣጣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውነቱ ወፍራም መስታወት ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ እጅ እስከ ክርን ይገባል። ከሥሩ የብረት መቆሚያ አለው፤ ብርጭቆ ቧንቧው ሥር እንዲገባ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑም መስታወት ነው። ከክዳኑ ሥር ተጠምዝዞ የሚታሰር ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ በረዶ የሚሞላበት። ቧንቧው ከሩቅ ሲያዩት ብረት ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲነኩት የብር ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው።

ካርቶኑ "5 ሊትር" ይላል። በመለኪያ ጆግ ውሃ እየለካሁ ሞላሁት። አልዋሹም፤ 5 ሊትር ይይዛል። የሚይዘው ግን እስከ ከንፈሩ ሲሞላ፣ ያለ ክዳን፣ ያለ በረዶ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲገባ ግማሽ ሊትር ያህል ቦታ ይወስዳል። ከላይ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ካልተተወ ክዳኑ ሲቀመጥ ይፈሳል። ፍራፍሬም አለ። ተቀናንሶ የሚተርፈው 3 ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። ታች ሌላ ኪሳራ አለ። የቧንቧው ቀዳዳ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተበሳው። ፈሳሹ ከዚያ በታች ሲወርድ አንድ ብርጭቆ ተኩል የሚሆን መጠጥ እዚያው ይቀራል። እሱን ለማውጣት ማሰሮውን አቅፎ ማዘንበል ነው። እንግዳ ፊት ደግሞ አያምርም። እኔ ትቼው ማታ ሲበተን ነው የማነሳው።

አሁን ወደ ቧንቧው። የውስጡ ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን አያስገባም። አንዴ መሀል በዓል ላይ ተደፍኖ ሲያስቸግረኝ ባዶ አድርጌ ፈታሁትና ውስጡን አየሁት። አንዲት የሎሚ ዘር ቀዳዳው አፍ ላይ ጉብ ብላለች። የናና ቅጠል ጥቅልል አድርጓታል። ከኋላቸው ከብርቱካኑ የተላቀቀ ሥጋ ተደርድሮ መንገዱን ዘግቷል። ሦስቱም ለየብቻ ቢመጡ ያልፉ ነበር። ተያይዘው ሲመጡ ግን ቡሽ ሆኑ። ሰው ሩቢኔቱን ከፍቶ ጠብ ሲልለት ያይና ይነቀንቀዋል፤ ሲነቀነቅ ደግሞ ሌላው ፍራፍሬ ይቀርብና ይባስ ይደፈናል።

ስለዚህ እዚህ ማሰሮ ውስጥ የሚገባ ጭማቂ ሁሉ በጥሩ ወንፊት መጠለል አለበት። ዘር የሚባል ነገር አይግባ። ናና ከፈለጋችሁ ብርጭቆ ላይ ጣል አድርጉት። እንጆሪም እንደዚያው። ወይን ውስጥ ሲያድር ቀለሙን ይለቅና ይልፈሰፈሳል፤ ቧንቧው ደግሞ ልፍስፍስ ነገር አይችልም። ለጌጥ የሚገባው ከቀዳዳው የሚሰፋ፣ ጠንካራና ቅርጹን የማይለቅ ነው፦ በክቡ የተቆረጠ ብርቱካን፣ ወፈር ያለ የፖም ቁራጭ፣ አናናስ። አንዳንድ ሞዴል ከቀዳዳው በስተውስጥ የሚገጠም የብረት ወንፊት ይዞ ይመጣል። የኔ አልያዘም። ገና ለምትገዙ ግን እሱ ያለውን ምረጡ፤ ከመልኩ በላይ ዋጋ አለው።

ከተሠራበት ዓላማ ጋር እንዲህ ይጣላል ወይ ካላችሁ፣ እኔ ብዙም አይገርመኝም። ፓንች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ሲነሳ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ ዘመናት ሲቀርብ የኖረው በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ በጭልፋ ነው። ጭልፋ ዘር አይፈራም። ባለ ቧንቧው ዕቃ ደግሞ የሚሆነው ለሎሚ ውሃና ለሻይ ነው። ፍራፍሬ የሞላበት መጠጥ ሲሰጡት ግር ቢለው አይፈረድበትም።

መፍሰሱንም ልንገራችሁ። ቧንቧው መስታወቱን አልፎ በውስጥ በኩል በዳዶ ይታሰራል። በሁለቱም ወገን የጎማ ቀለበት አለ። መመሪያው "በደንብ አጥብቁ" ይላል። በፒንሳ ካጠበቃችሁት ጎማው ይጣመማል፤ መስታወቱም ቀዳዳው ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጅ ይበቃል። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ፣ ሥሩ ደረቅ ፎጣ አንጥፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ፎጣው ከረጠበ ጎማውን አስተካክሉ። ይህን የምታደርጉት ከበዓሉ በፊት ነው እንጂ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ከተነጠፈ በኋላ አይደለም። ስኳርና ቀይ ወይን ያለበት ጠብታ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ የምሞላበት ፓንች መጠኑ፣ መጨረሻ ላይ የሚገባው 750 ሚሊ ሊትር ሶዳ ውሃ ተጨምሮ፣ 3 ሊትር አካባቢ ነው፤ ለማሰሮው ልኩ ነው። የሚጀመረው ከልጣጭ ነው። የ2 ብርቱካንና የ2 ሎሚ ልጣጭ በድንች መላጫ ቀጭን አድርጌ አነሳለሁ። ነጩ እንዳይከተል፤ ምሬቱ እዚያ ነው ያለው። ልጣጩን በ150 ግራም ስኳር አሸዋለሁ። እስኪሸት ድረስ በእጅ ማሸት ነው። ከዚያ ተከድኖ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ስትመለሱ ስኳሩ ረጥቦ፣ አብለጭልጮ፣ ቤቱ በመዓዛው ታውዶ ታገኙታላችሁ። ስኳሩ የልጣጩን ዘይት ስቦ አውጥቶታል ማለት ነው። ይህ መዓዛ ጭማቂው ውስጥ የለም፤ የፈለገውን ያህል ብርቱካን ብትጨምቁ አታገኙትም። የሚሸጥ ፓንችና ቤት የተሠራ ፓንች የሚለየው እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ጋ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ጨምሬ ስኳሩን አሟሟለሁ። ልጣጩን አጥልዬ አወጣለሁ።

ከዚያ 2 ጠርሙስ ቀይ ወይን ይገባል፤ 1 ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። ግማሽ ሊትር የተጠለለ የብርቱካን ጭማቂ። 120 ሚሊ ሊትር ብራንዲ፤ እሱ ቢቀርም ይሆናል። አንድ ሁለት እንጨት ቀረፋ። አራት አምስት ቅርንፉድ ደግሞ ብርቱካን ቁራጭ ላይ እሰካለሁ፤ ተበትኖ እንዳይጠፋ። የተፈጨ ቅመም ግን እንዳትሞክሩ። አይሟሟም። ታች ይዘቅጥና ልክ ቧንቧው ጋ ይጠብቃችኋል፤ ብርጭቆ ውስጥም አሸዋ አሸዋ ይላል።

ወይኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ፓንች ስለሆነ የትም የወደቀ ወይን ይሆናል" የሚሉ አሉ። አይሆንም። ውድም አያስፈልግም፤ የተበላሸ ግን በምንም አይድንም። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ጠርሙስ ካጋጠማችሁ ብርቱካኑም ቀረፋውም አይሸፍነውም። ሙሉውን ማሰሮ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱንም ጠርሙስ ከማሰሮው በፊት በየብርጭቆው ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ። ሁለተኛው ነገር አፍ የሚያደርቅ፣ ድድ የሚይዝ ወይን ነው። ሲቀዘቅዝ ያ መጎምዘዙ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። በርሜል ውስጥ የቆየ፣ የእንጨት ጣዕም ያለውም ከብርቱካን ጋር አይስማማም። የሚስማማው ገና ወጣት፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል፣ ለስለስ ያለ ቀይ ነው። ስፔኖች ሳንግሪያ ለሚሉት የወይንና የፍራፍሬ መጠጣቸው ቴምፕራኒዮና ጋርናቻ የሚባሉትን የወይን ዓይነቶች ሲጠቀሙ አለምክንያት አይደለም።

ሳንግሪያን ካነሳን አይቀር፣ የኔ ፓንች የሱ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ የስፔን ድንኳን ሲያቀርበው ነው ብዙ አሜሪካዊ የለመደው። ታሽጎ የሚሸጥም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ "ሳንግሪያ" ተብሎ እንዲሸጥ የሚፈቅደው በስፔንና በፖርቱጋል ለተሠራው ነው፤ አልኮሉም ከ4.5 በመቶ ማነስ፣ 12 በመቶም መድረስ የለበትም። ጊዜ ለሌለው ሰው የታሸገውን ገዝቶ ትኩስ ብርቱካን መጨመር ነውር የለውም። እኔ ግን አይጥመኝም፤ ስኳሩ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው።

ፍራፍሬውን ለብቻው ነው የማሳድረው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌ ከዚያው ቅልቅል አለብሰዋለሁና ፍሪጅ ይገባል። ፖም፣ ፒር፣ ኮክ፣ አናናስ ጥሩ ናቸው። ሎሚ ስላለበት ፖሙ አይጠቁርም። ወይን ፍሬ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት፤ አለዚያ ቆዳው ምንም አያስገባም። ሙዝ ይሟሽሽና ሙክክ ይላል፤ ተዉት። ሐብሐብ ውሃ ነው፤ ፓንቹን ያቀጥነዋል። ከነልጣጩ የተቆረጠ ብርቱካን አብሮ አይደር፤ ነጩ ምሬት ይለቃል። እሱ የሚገባው ሊቀርብ ሲል ነው። እንግዳ ሲመጣ ያደረውን ፍራፍሬ በስቴኪኒ እየሰካሁ ትሪ ላይ እደረድረዋለሁ፤ ከማሰሮው ጎን ይቀመጣል። ሰው ፓንቹን ከቧንቧ ይቀዳል፣ አንድ ስቴኪኒ ፍራፍሬ ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። ፍራፍሬው ወይኑን ጠጥቶ አድሯልና ቀስ ብሎ መብላት ነው። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መሆኑን አደራ።

የበረዶ ቱቦው ሻጮቹ ከሁሉ በላይ የሚያወሩለት ነገር ነው። "መጠጡን ሳያቀጥን ያቀዘቅዛል" ይላሉ። ማቅጠኑንስ አያቀጥንም። ማቀዝቀዙ ግን ያጠያይቃል። ፓንቹ ለብ ብሎ ከገባ ቱቦው ብቻውን አይችለውም። ከፍሪጅ የወጣ ፓንች ከሆነ ግን ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይዞ ያቆይለታል። እኔ ሁሉንም ቀድሜ አቀዘቅዛለሁ፤ ቱቦውን ለማቆያ ነው የምጠቀምበት። ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር የምትከቱት ከሆነ ጫፍ ድረስ አትሙሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ፕላስቲኩ ይተረተራል። ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ፓንች ሁሉ ተበላሸ ማለት አይደለም። ፓንች ከድሮም ውሃ ያለበት መጠጥ ነው። ክፉው ቶሎ ሟሙቶ የሚያጥለቀልቀው ትንንሹ በረዶ ነው። በጎድጓዳ ዕቃ የረጋ አንድ ትልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። በአፉ ስለሚገባ እሱንም ማሰሮው ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ቱቦውን አውጥታችሁ ማለት ነው። ሌላ መላ ደግሞ አለ፦ ፍሪዘር ውስጥ የደረቀ ሙሉ ወይን ፍሬ። ያቀዘቅዛል፣ አያቀጥንም፣ ቧንቧውም አያሳልፈውም።

ጋዝ ያለው ነገር እዚህ ማሰሮ ውስጥ ዕድሜ የለውም። አፉ ሰፊ ነው፤ ክዳኑ አየር አይዝም። ሶዳ ውሃውን ከጠዋቱ ከጨመራችሁ ማታ የሚቀዳው ሙት ነው። አስተናጋጅ ካለ 750 ሚሊ ሊትሩን ሶዳ እንግዳው ሲገባ ቀስ ብሎ በጎን ማፍሰስ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን ጠርሙሱን ጎን አቁሞ ሰው ብርጭቆው ላይ እንዲሞላበት ነው። በሶዳ ፈንታ አረፋማ ወይን የምታደርጉም ብትሆኑ እንደዚያው። እሱን ስትገዙ ጽሑፉን እዩ። "ኤክስትራ ድራይ" የሚለው ስሙን ስትሰሙ ምንም ጣፋጭነት የሌለው ይመስላል። በአንድ ሊትር ከ12 እስከ 17 ግራም ስኳር ያለበት ነው። "ብሩት" የሚለው ከ12 ግራም በታች ነው። ፓንቹ ውስጥ ስኳር ስላለ ብሩቱ ይሻላል።

የአልኮሉን ጉልበት አስልቼዋለሁ፤ ሰው ሁሌ ይጠይቀኛልና። ወይኑ 12.5 በመቶ፣ ብራንዲው 40 በመቶ ቢሆን፣ ሶዳው ተጨምሮ ሁሉም ሲቀላቀል 7.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ብራንዲው ከቀረ 6.4። ስለዚህ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ሙሉ ፓንች ከአንድ 125 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ወይን ጋር እኩል ነው። ይህ መነገር አለበት። አፍ ላይ ጁስ ነው የሚመስለው። ቧንቧ ደግሞ እጅ ያቀላል። በጭልፋ ሲሆን የሚቀዳ ሰው አለ፤ ሰው "ድገሙኝ" ማለት ያፍራል። ቧንቧ ላይ ማንም አያይም። ባለፈው አክስቴ ብርጭቆአቸውን ለመሙላት ተመላልሰው "ይሄ ጁስህ እንዴት ደስ ይላል ልጄ" ብለውኛል። ጁስ አለመሆኑን ስነግራቸው ሳቁና ወንበር ሳቡ። ከዚያ ወዲህ ማሰሮው ላይ ካርድ አንጠለጥላለሁ፦ "ወይን አለበት"። የሚያሽከረክርና የማይጠጣ እንግዳ አይጠፋምና አልኮል የሌለበትም ለብቻው ይዘጋጃል። የሮማን ጭማቂ፣ የፖም ጭማቂ፣ ያው የልጣጩ ስኳር፣ ሎሚ፣ ሶዳ። ቀለሙ ተመሳሳይ ስለሚሆን ሌላ ዓይነት ዕቃ ውስጥ አድርጉት። እንዲያውም ይህ ባለ ቧንቧ ማሰሮ ከሁሉ የሚመቸው ለዚህኛው ነው። ልጆቹ ራሳቸው እየቀዱ ደስ ይላቸዋል፤ ጭልፋ ይዘው ምንጣፍ አያጥቡም።

ትኩስ ወይን ለሚወዱ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ቅመም ያለው የሞቀ ወይን እዚህ ውስጥ አታድርጉ። ካርቶኑ ላይ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል የለም፤ ዝም ካለ ደግሞ እሳት የሚችል መስታወት አይደለም ብላችሁ ያዙት። ተራ መስታወት ድንገት ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። የሞቀው በማይዝግ ብረት ድስት፣ በትንሽ እሳት፣ ሳይፈላ ይሠራና ከዚያው በጭልፋ ይቀዳል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ድስቱ ከተንፈቀፈቀ ጉልበቱም ሽታውም እየበነነ ይሄዳል። የአሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ ወይንና ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆኑ ከብረቱ ጋር ይጣላሉ፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

አክስቴ ቤት የድሮ ክሪስታል ጎድጓዳ አለ። ከነጭልፋው፣ ከነትንንሽ ኩባያዎቹ። ፍራፍሬ ለሞላበት ፓንች እውነቱን ለመናገር እሱ ይበልጣል። ሁሉም ነገር ይታያል፤ ጭልፋው ሁሉንም ያነሳል፤ የሚደፈን ነገር የለም። ክፍት ስለሆነ ዝንብ ይጠራል፣ ጠረጴዛው ይንጠባጠባል፣ ቶሎም ይሞቃል። ሌላም ነገር አለ። የድሮ ክሪስታል እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖርበታል። ኮምጣጣ መጠጥ ውስጡ ሲቆይ እርሳሱን ይስባል። ለጥቂት ሰዓት ማቅረቢያ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ማሳደሪያ ግን በፍጹም አይሆንም። እዚህ ላይ ተራው መስታወት ማሰሮዬ ይረታል። ሙሉ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር አልሰጋም። ፍሪጁ ከቻለው ማለት ነው። የኔን ለማስገባት አንድ መደርደሪያ ማውጣት አለብኝ።

እጥበቱ እዳ የለውም፤ አፉ ሰፊ ነው። ቧንቧው ግን በየጊዜው መፈታት አለበት። ውስጡ የቀረ ስኳር ሲደርቅ ሩቢኔቱ ይጣበቅና አልዞርም ይላል። እኔ እንደተበተንን ሙቅ ውሃ በቧንቧው እለቅበታለሁ፤ በማግስቱ ፈትቼ በጥርስ ብሩሽ አጥበዋለሁ። ጎማው የቅርንፉድ ሽታ ይይዛል። ኮምጣጤ ባለበት ውሃ ሲዘፈዘፍ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይለቅም። የተረፈ ፓንች ካለ ፍራፍሬው ይውጣና ፈሳሹ በጠርሙስ ታሽጎ ፍሪጅ ይግባ። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይጠጣ።

የተናደድኩበት ነገር ጎማው ነው። ከጊዜ በኋላ የውስጠኛው ቀለበት ደረቀና ማንጠባጠብ ጀመረ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ጎማው ለብቻው አይሸጥም። ቧንቧውስ? እሱም አይሸጥም። "ሙሉውን አዲስ ቢወስዱ ይሻላል" አለችኝ፤ በትህትና። አንድ ጣት ለማትሞላ ጎማ 5 ሊትር መስታወት ልጥል! በስተመጨረሻ የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቀለበት በልኩ ፈልጌ አደረግሁበት። እስካሁን ጠብ አላለም። ስትገዙ ሩቢኔቱን አዙሩት፤ ይላወስ እንደሆን እዩ። የቧንቧውን ቀዳዳ በዓይናችሁ ለኩ። መለዋወጫ ጎማ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩንም ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ለፍራፍሬ ፓንች ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ለተጠለለ መጠጥ አራት። ጎማውን ለብቻ የሸጡ ቀን ግማሽ ኮከብ እጨምርላቸዋለሁ።